የምርጫ ቀን በር አንኳኪዋ፦ የወይዘሮ ፋይና ሞይሴዬቭና ላንትስማን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፋይና ሞይሴዬቭና ላንትስማን ከባርኔጣ ሰፊው ከአቶ ሞይሴይ ብሮዴትስኪ እና የከረሜላ ፋብሪካ ሠራተኛ ከነበሩት ከወይዘሮ ሪቫ ብሮዴትስካያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1939 በጥቁር ባሕር ዳር በኦዴሳ ከተማ፣ ሞልዳቫንካ ሰፈር ተወለዱ። ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። እናታቸው፣ «ይህች ልጅ ስትወለድ አላለቀሰችም፤ ተቆጣች እንጂ» ይሉ ነበር። ወይዘሮ ፋይናን ያወቀ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ሁለት ዓመት እንደሞላቸው ጦርነቱ ኦዴሳ ደረሰ። አባታቸው ወደ ግንባር ሄደው በዚያው ቀሩ። እናታቸው ልጆቻቸውን ይዘው በመርከብም በባቡርም ወደ ኡዝቤኪስታን ተሰደዱ፤ እዚያም የጥጥ ለቀማ እየሠሩ አሳደጓቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ኦዴሳ ቢመለሱም ቤታቸው ሌላ ሰው ገብቶበት ስለቆያቸው፣ ከአክስታቸው ጋር በአንዲት ክፍል ተጠጋግተው ኖሩ። ወይዘሮ ፋይና ግን ስለዚያ ክፍል ሲያወሩ የሚነሣው ጥበቱ ሳይሆን ሳቁ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር አጠናቀው ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ገቡ፤ በ1961 በጂኦግራፊ ትምህርት ተመረቁ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሰባት ዓመታት አስተማሩ። ከሶቪየት ኅብረት ድንበር አንድ እርምጃ ወጥተው የማያውቁት መምህርት የሃድሰንን ወንዝ ከነገባሮቹ በቃላቸው ይዘው በዱላ ካርታ ላይ ያሳዩ ነበር። አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ አይተውታል እንዴ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «አንተ ቁጭ በል፤ እኔ ካየሁት እነግርሃለሁ» አሉት ይባላል።

ከአቶ ሴምዮን ላንትስማን ጋር የተገናኙት በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው። አቶ ሴምዮን በወደቡ ላይ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበሩ። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ማቀዝቀዣ በ1962 የጸደይ ወራት እየደጋገመ ተበላሸ፤ አቶ ሴምዮንም እየደጋገሙ መጡ። የመጨረሻውን ብልሽት ራሳቸው እንዳደረሱት ያመኑት በሠርጋቸው ዕለት ነው። በ1964 አንዲት ሴት ልጃቸውን ኢናን ወለዱ።

በዚያ ዘመን መምህር የሆነ ሰው ሁሉ የምርጫ ቀስቃሽነት ግዴታ ነበረበት። ምርጫው ቀላል ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ስም ብቻ ነው። ከባዱ ነገር ሰውን ሁሉ ማምጣት ነበር። ቀስቃሹ የተመደበበት ሕንፃ ነዋሪ አንድ እንኳ ሳይቀር ድምፅ እስኪሰጥ ወደ ቤቱ አይመለስም። ወረዳዎችም ማን ቀድሞ ይጨርስ እያሉ ይፎካከሩ ነበር። በምርጫው አዳራሽ የነሐስ ሙዚቃ ይነፋል፤ በአዳራሹ ጥግ ደግሞ በሱቅ የማይገኝ ቋሊማ፣ የተጠበሰ ዓሣና መንደሪን ይሸጣል። ሕዝቡ ገና ጎሕ ሳይቀድ የሚሰለፈው ለዚህ ጠረጴዛ ሲል ነበር።

በመጋቢት 1969 በተደረገው ምርጫ የወይዘሮ ፋይና ሕንፃ ሰው ሁሉ መርጦ አንድ ሰው ቀረ። እሳቸውም ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት የጫማ ፋብሪካ ቆዳ ቆራጭ አቶ ዛልማን ጉትኒክ ነበሩ። ወይዘሮ ፋይና ወጥተው በራቸውን አንኳኩ።

«ዛልማን ሊዮቪች» አሉ፣ በአክብሮት ከነአባታቸው ስም ጠርተው፣ «የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ጣሪያዬ ያፈሳል።»

«ምርጫው ስለ ጣሪያ አይደለም እኮ።»

«ለእኔ ስለ ጣሪያ ነው። ባለፈው ምርጫም ይጠገንልሃል ተብዬ ሄጄ መርጬ ነበር። ይኸው አልጋዬ ላይ ድስት ደቅኜ እተኛለሁ። ጣሪያው ሲደርቅ እመጣለሁ።»

ሌላ ቀስቃሽ ቢሆን ስማቸውን ለበላይ ያስተላልፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ወይዘሮ ፋይና ግን ወርደው የቤቶች አስተዳደሩን ኃላፊ ፈለጉ። ኃላፊው ቋሊማ በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። «ከእኛ ሕንፃ አንድ ሰው ጎድሏል» አሏቸው። «ጓድ ሊቀመንበር ለምን ጎደለ ሲሉኝ ስለ ጣሪያው እኔ ልንገራቸው ወይስ እርስዎ ይነግሯቸዋል?» ኃላፊው ቋሊማቸውን እንኳ አልጨረሱም። ጣሪያ ጠጋኙ ከሰልፍ ተጎትቶ፣ የክት ልብሱን እንደለበሰ፣ ሬንጅ ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ዛልማን ከረባት አስረው መጡ። ወረቀታቸውን ተቀበሉና በቀጥታ ወደ ሣጥኑ በመሄድ ፈንታ መጋረጃ ወዳለው ክፍል ገቡ። ወደዚያ ክፍል የሚገባ ሰው አልነበረም፤ የገባ ሰው የተወዳዳሪውን ስም ሊሰርዝ ነው ተብሎ ይጠረጠራልና። ሙዚቃው ቆመ። አቶ ዛልማን ወጥተው ሰው ሁሉ አፍጥጦ ሲያያቸው፣ «ምን ሆናችኋል? መነጽሬን ልወለውል ነው የገባሁት» አሉ። ስሙን ይሰርዙ አይሰርዙ ማንም አላወቀም። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ፋይናን ደረጃ ላይ ሲያገኙ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ እንጂ አያነጋግሯቸውም ነበር። በእሳቸው ዓይን በር የምታንኳኳ ሴት የመንግሥት ሴት ናት።

በ1978 ቤተሰቡ ከአገር ለመውጣት አመለከተ። ወይዘሮ ፋይና ከማስተማር ሥራቸው ተሰናበቱ፤ አብረዋቸው ሻይ ሲጠጡ የኖሩ ባልደረቦቻቸው በስብሰባ እየተነሡ ከሐዲ አሏቸው። በቪየናና በሮም በኩል አልፈው በመስከረም 1979 ብሩክሊን ገቡ፤ በብራይተን ቢችም ከባሕሩ አጠገብ ቤት ተከራዩ። በመጀመሪያ በምግብ መደብር ውስጥ ሠሩ። እንግሊዝኛቸው ሲጠና ደግሞ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ አዛውንቶችን ማስተማር ጀመሩ፤ ይህንንም ሥራ እስከ ሰባ ዓመታቸው ድረስ አልተዉም። ዛሬ በዚህ ከተሰበሰብነው መካከል የእሳቸው ተማሪ የነበረው ጥቂት አይደለም።

የመጀመሪያ ድምፃቸውን የሰጡት በኅዳር 1986 ነው። ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ አዲስ ጫማ ተጫምተው፣ ከአቶ ሴምዮን ጋር ገና በሩ ሳይከፈት ደረሱ። ገብተውም ዙሪያውን ቃኝተው፣ «ሴማ፣ ምግቡ የት ነው?» አሉ። ምግብ የለም። ሙዚቃም የለም። ያለው መጋረጃ የተንጠለጠለበት ትልቅ የብረት ማሽን ብቻ ነው። እጀታውን ሲስቡ መጋረጃው ከኋላቸው ተዘጋ፤ ወይዘሮ ፋይና ደንግጠው መልሰው ከፈቱት። አስመራጯ ሴት፣ «እመቤቴ፣ መዘጋት አለበት» አሏቸው። «እኔ የምደብቀው የለኝም» አሉ። «ባይኖርዎትም ይዘጋል።» እንደገና ገቡ፤ ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው ቀልቶ ነበር። «ሴማ» አሉ፣ አዳራሹ በሙሉ እየሰማ፣ «ማንም አላየኝም!»

የብራይተን ሰው እንዴት እንደሚመርጥ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። አቶ ሴምዮን ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ተወዳዳሪ «ሁሉም እኩል ይካፈል» ሲል ከሰሙ ቴሌቪዥኑን ያጠፉ ነበር። «ይህን ንግግር በቃሌ አውቀዋለሁ። መጨረሻው ሰልፍ ነው» ይላሉ። ኋላ በምርጫ ካርታ ላይ የእኛ ሰፈር የሚመርጠው ፓርቲ በቀይ ቀለም መቀባት ሲጀምር ደግሞ ጉድ ነው የፈላው። «ከቀይ ሸሽተን ውቅያኖስ ተሻገርን፤ እዚህም ቀይ ሆንን!» እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ ያስቁ ነበር።

ወይዘሮ ፋይና ከጎረቤቶቻቸው የተለየ ሐሳብ ይኑራቸው አይኑራቸው ግን የሚያውቅ አልነበረም። ለማን እንደመረጡ ለማንም አይናገሩም።

«እኔ የምመርጠውን ለመንገደኛ ሁሉ እለፍፋለሁ፤ አንቺ ለባልሽ ትደብቂያለሽ?» ይሏቸዋል አቶ ሴምዮን።

«ሴማ፣ መደበቅ የቻልኩት ገና አሁን ነው። ተወኝ፣ ትንሽ ልደሰትበት።»

በ1997 ከመካከላችን አንድ ሰው፣ መድኃኒት ቤት የነበራቸው አቶ ግሪጎሪ ቫይንትራውብ፣ ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደሩ። ችግሩ ሽማግሌዎቻችን ከቤት አለመውጣታቸው ነበር። ገሚሱ፣ «የሚያሸንፈው ከላይ ተወስኗል» ይላል፤ ገሚሱ ስሙ መዝገብ ላይ እንዳይገኝ ይፈራል። ወይዘሮ ፋይና እንደገና በር ለማንኳኳት ተነሡ። አማቻቸው የሆነው የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ «እማማ፣ ይህን ሥራ አልጠገቡትም?» ቢላቸው፣ «አንተ የኪየቭ ልጅ ነህ፤ አይገባህም» አሉት። በኦዴሳ ሰው ዘንድ ይህ ሙሉ መልስ ነው።

በብራይተን ስድስተኛ መንገድ ላይ በሚገኝ ሕንፃ ደረጃውን ወጥተው አንድ በር አንኳኩ። የከፈቱት አቶ ዛልማን ጉትኒክ ናቸው። ከልጃቸው ጋር ክሊቭላንድ ቆይተው፣ ዜግነት አግኝተው፣ በዚያው ዓመት ወደ ብራይተን ተዛውረው ኖሯል። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«አይ! አይ! ውቅያኖስ ተሻግሬም አንቺው?»

በሩም ተዘጋ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው በባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበሮች ሁሉ ተዳረሰ። «ፋይና የፓርቲ ቀስቃሽ ነበረች።» «እዚህስ ማን ልኳት ይሆን?» በእኛ ሰፈር ከዚህ የከፋ ስም የለም። ሥራቸውን፣ ተማሪዎቻቸውን፣ ወዳጆቻቸውን ሊያሳጣቸው ይችል ነበር። ሰላምታ የሚነሷቸው ሰዎች ተገኙ። አቶ ቫይንትራውብም ስልክ ደውለው፣ በብዙ ይቅርታ፣ «ፋይና ሞይሴዬቭና፣ ምርጫው እስኪያልፍ ቤትዎ ቢያርፉ» አሏቸው። ልጃቸው ኢና እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው ሲያለቅሱ ያየችው ያን ቀን ነው። አቶ ሴምዮን የብሎን መፍቻቸውን ይዘው ወደ አቶ ዛልማን ቤት ሊሄዱ ሲነሡ ግን እንባቸውን ጠርገው፣ «ቁጭ በል። ለመጠገን ካልሆነ ማንም ጋ መፍቻ ይዘህ አትሄድም» አሏቸው።

በተከታዩ እሑድ በአዛውንቶች ክበብ ስብሰባ ነበር። ወይዘሮ ፋይና ተነሥተው መናገር እንደሚፈልጉ ገለጹ። አቶ ዛልማን ከፊት ተቀምጠዋል።

«አዎ፣ አንኳኩቻለሁ» አሉ። «ባላንኳኳ እባረር ነበር። ሳንኳኳም እፈራ ነበር። ከእናንተ መካከል ያኔ ለዚያ አንድ ስም ያልመረጠ ካለ እጁን ያውጣ።»

እጅ ያወጣ አልነበረም። ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «እኔ የመረጥኩት ለቋሊማው ነው!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወይዘሮ ፋይናም ሳቁ።

«ያኔ ካልመጣችሁ ወዮላችሁ ነበር የምለው። ዛሬ ካልመጣችሁ ምንም አላደርጋችሁም። በሩን ብትዘጉብኝ ወደሚቀጥለው በር እሄዳለሁ። ሌላ ልዩነት አላጠናሁም፤ ይህን ግን በእግሬ አውቀዋለሁ።»

በዚህ ጊዜ አቶ ዛልማን ብድግ አሉ። ሁሉም ክፉ ነገር ጠበቀ። እሳቸው ግን፣ «ስለ ጣሪያው ለምን አትነግሪያቸውም?» አሉ።

«የእርስዎ ጣሪያ ነው፤ እርስዎ ይንገሩ።»

አቶ ዛልማንም ወደ ሕዝቡ ዞረው ነገሩ። «ስሜን ብትሰጥ ኖሮ ዛሬ የት እንደምሆን አላውቅም። ጣሪያውን አስጠገነች። ከዚያ ቤት እስክወጣ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ይህን አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ ሳያት ድሮ ትዝ ብሎኝ ደነገጥኩ።» ከዚያም ጨመሩ፦ «ቢሆንም እዚህም በነጻ አልመርጥም። የሕንፃችን አሳንሰር ከፋሲካ ጀምሮ ቆሟል።»

በማግስቱ ወይዘሮ ፋይና አቶ ዛልማንንና የሕንፃውን አዛውንቶች አስከትለው የሁለቱንም ተወዳዳሪዎች ቢሮ ዞሩ። ለሁለቱም የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ እነዚህ ሰዎች በእግራቸው ደረጃ መውረድ ካልቻሉ በምን መጥተው ይመርጧችሁ? በዚያው ሳምንት አሳንሰሩ ሠራ። ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ያስጠገንኩት እኔ ነኝ አሉ። አቶ ዛልማን፣ «እንግዲያው ሁለት ጊዜ ልመርጥ ነው?» እያሉ ሲያሾፉ ሰነበቱ።

በምርጫው ዕለት ወይዘሮ ፋይና ከአዳራሹ ራቅ ብሎ በእግረኛ መንገድ ላይ ጠረጴዛ ዘረጉ፤ ነጭ ጨርቅ አለበሱት። ሄሪንግ ዓሣ በጥቁር ዳቦ፣ ቋሊማ፣ የኮመጠጠ ኪያርና መንደሪን ደረደሩ። አንድ አዛውንት አኮርዲዮን ይዘው መጡ። ሽማግሌዎቹ የጦር ሜዳ ኒሻናቸውን ደረታቸው ላይ ደርድረው፣ አሮጊቶቹ ከንፈራቸውን ተቀብተው ከየሕንፃው ወረዱ። አንድ የምርጫ ኃላፊ እየሮጡ ወጡ።

«እመቤቴ፣ ለመራጭ ምግብ መስጠት ክልክል ነው!»

«ለመራጭ ማን ሰጠ? ያልመረጠም ይብላ። የሌላኛው ሰው ደጋፊም ይብላ። እርስዎም ገና ምሳ አልበሉም፤ ያስታውቃል።»

ኃላፊው ጠረጴዛውን ዞረው ቢያዩ የተወዳዳሪ ስምም ፎቶግራፍም የለበትም። ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ሄሪንጉን እያዩ ተመለሱ። ያን ዕለት ከብራይተን የወጣውን ያህል መራጭ ከዚያ በፊት ያየ አልነበረም።

አቶ ቫይንትራውብ ተሸነፉ፤ በጥቂት ድምፅ ነው። በማግስቱ ጠዋት የወይዘሮ ፋይና በር ተንኳኳ። አቶ ዛልማንና ሌሎች አዛውንቶች ፊታቸው ገርጥቶ ቆመዋል።

«አሁን ምን ያደርጉታል?» አሉ አቶ ዛልማን።

«ማንን?»

«ግሪሻን፣ ቫይንትራውብን ነዋ! ተሸንፏል እኮ።»

ወይዘሮ ፋይና ሳቃቸውን ውጠው ኮታቸውን ደረቡና ሁሉንም ይዘው ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄዱ። አቶ ቫይንትራውብ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይን፣ ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ እየሸጡ ነበር። ያሸነፏቸው ሰው ደውለው «ጥሩ ተወዳድረሃል» እንዳሏቸው ነገሯቸው። ማንም አላመነም፤ ደግመው አስነገሯቸው። አንዷ አሮጊት ምንም ሳያማቸው አስፕሪን ገዙ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አቶ ዛልማን ውጭ ቆመው በመስተዋቱ እያዩ፣ «ተሸንፎ፣ በሰዓቱ ሱቁን ከፈተ» ይላሉ፤ ደግመው ደጋግመው ይህንኑ ይላሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ፋይና በሕይወታቸው ካዩት ምርጫ ሁሉ የሚያስበልጡት ያን ጠዋት ነው። «እኔ ዜግነቴን የተቀበልኩት ያን ቀን ነው» ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየምርጫው ጠረጴዛው ተዘርግቷል። አቶ ዛልማንም በ2006 እስኪያርፉ ድረስ በየምርጫው ዋዜማ አንድ የሚጠገን ነገር አያጡም ነበር።

አቶ ሴምዮን በ2008 ካረፉ በኋላ ወይዘሮ ፋይና በልጅ ልጆቻቸው በዳናና በአሪ ተጽናኑ። ዳና አድጋ ኮሌጅ ስትገባ ግን የቤቱ ሰላም ተናጋ። አያቷ የሸሹትን «ሶሻሊስት» የሚል ቃል እሷ በደረቷ ላይ ለጥፋ መጣች። የቅዳሜ ምሳ ጭቅጭቅ ሆነ።

«መንገደኛ ሳይሆን አያትሽን ነው የምታናግሪው፤ እኔ እዚያ ኖሬበታለሁ!» ይላሉ ወይዘሮ ፋይና።

«እኔ ደግሞ እዚህ ነው የምኖረው፣ ባቡሽካ። እዚህ ሂሳቡን ፈርቶ ሐኪም ቤት የማይሄድ ሰው አለ» ትላለች ዳና።

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ሁለቱም ግትር ነበሩ። ኢና ሳህን እያነሣች፣ «አንድ ሰው ናችሁ፤ ዕድሜያችሁ ብቻ ነው የሚለያየው» ትላቸው ነበር። በኅዳር 2018 ምርጫ ዝናብ ይዘንባል፤ ወይዘሮ ፋይና ልባቸው ደክሞ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ዳና ከማንሃተን ድረስ መጥታ ክንዳቸውን ያዘች።

«ባቡሽካ፣ ያንቺ ድምፅ የእኔን ያጠፋዋል፤ የእኔም ያንቺን። ሁለታችንም ቤት ብንቀር ውጤቱ ያው ነው። በዚህ ዝናብ ምን አወጣን?»

ወይዘሮ ፋይና ቆሙ። «ለማን እንደምመርጥ በምን አወቅሽ?» አሏት። ከዚያ የልጅቷን ክንድ ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ «ደግሞስ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት የሚመርጥበት አገር ኖሬያለሁ። አንቺ አጠገቤ ሆነሽ ስትቃወሚኝ ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ አታውቂም። ጃንጥላውን ወደ እኔ አድርጊው፤ እንሂድ» አሏት። አብረው ገቡ፤ አብረው ወጡ። ዳና ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ሳትመጣ የቀረችበት ጊዜ የለም፤ ጭቅጭቁም አልቆመም።

ወይዘሮ ፋይና በገና ሰሞን ሕመማቸው ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። በአልጋቸው ላይ ሆነው ነርሶቹን የየአገራቸውን ዋና ከተማና ወንዝ ይጠይቁ ነበር፤ ያላወቀችውን ያስጠኗታል። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሰማንያኛ ልደታቸው ሊከበር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሐሙስ የካቲት 14 ቀን 2019 ከሰዓት በኋላ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ከባለቤታቸው ከአቶ ሴምዮን ጎን ይፈጸማል።

ልጃቸውን ወይዘሮ ኢና ሹልኪንን፣ አማቻቸውን ሌቭ ሹልኪንን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ዳናንና አሪን እንዲሁም ፊደልና ሕገ መንግሥት ያስጠኗቸውን የብራይተን ልጆቻቸውን ሁሉ ትተው ሄደዋል።

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን ከሕያዋን ጋር በአንድ ይቋጥርልን። የስደቱን ድካም በዕረፍት ይለውጥላቸው፤ አፈሩም እንደ ላባ ይቅለላቸው። ለእኛም ተቃቅፎ ማልቀስን፣ አልቅሶም መሳቅን ይስጠን። አሜን።